የተኩላው ልጆች

አንድ ዘፈን የሚኖረው የት ነው? ለአያቶቻችን ዘፈን የሚኖረው በአዝማሪው ጉሮሮ ነበር፤ አዝማሪው መሰንቆውን አንጠልጥሎ ሲነሣ ዘፈኑም አብሮት ይነሣል። ለአባቶቻችን በሸክላ፣ ለታላላቆቻችን በካሴት ላይ ይኖር ነበር፤ ሸክላው ከተሰበረ፣ የካሴቱም ክር በቴፑ ጥርስ ከተበላ፣ ዘፈኑ ከዚያ ቤት ወጣ ማለት ነው። ቤቱና ነዋሪው አይለያዩም ነበር። ዛሬ ግን የዘፈኑ ስም በአንድ ስፍራ፣ ድምፁ በሌላ ስፍራ፣ የማድመጥ ፈቃዱ ደግሞ በሦስተኛ ስፍራ ይኖራል፤ ሦስቱ የተስማሙ ዕለት እናደምጣለን፣ ያልተስማሙ ዕለት ዝም እንላለን።

እነሆ በዚህ ጽሑፍ የማነሣው ሦስቱን ሊያስታርቁ ስለተነሡ ጥቂት ሶፍትዌሮች ነው። ምንጫቸው ለማንም ክፍት የሆነ፣ አብዛኞቹ በበጎ ፈቃደኞች የተጻፉ፣ በገዛ ኮምፒውተራችን ያኖርነውን ሙዚቃ በኢንተርኔት ከሚፈሰው ሙዚቃ ጋር በአንድ ማዕድ ለማቅረብ የሞከሩ ማጫወቻዎች ናቸው። ፈረንጆቹ «ስትሪሚንግ» የሚሉትን «ዥረት» እለዋለሁ። ዓመታቱ ሁሉ፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ በእነሱ አቆጣጠር ናቸው።

በጀርመን አገር የፍራውንሆፈር ተቋም ተመራማሪዎች የድምፅ ማመቂያ ዘዴያቸው ውጤት የሆኑ ፋይሎች መጨረሻቸው «ኤም.ፒ.3» እንዲባል የወሰኑት ሐምሌ 1995 ላይ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1997፣ ጀስቲን ፍራንክል የተባለ የ18 ዓመት አሜሪካዊ ወጣት «ዊንአምፕ» የተባለውን ማጫወቻ አወጣ። ከዚያ በኋላ የመጡት ማጫወቻዎች ሁሉ ወይ እርሱን ሲከተሉ ወይ ከእርሱ ሲሸሹ የኖሩ ናቸው። በሊነክስ ላይ «ኤክስ.ኤም.ኤም.ኤስ.» የተባለው ነፃ ማጫወቻ በመልኩም ሳይቀር መንትያው ይመስል ነበር።

ዊንአምፕ ካወረሰን ነገሮች አንዱ «ኤም.3ዩ» የተባለው የዘፈን ዝርዝር ነው። ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው፤ በእያንዳንዱ መስመር የሚጻፈው ግን የዘፈኑ ማንነት ሳይሆን አድራሻው ነው፦ ይህ ዲስክ፣ ይህ ፎልደር፣ ይህ ፋይል። ፎልደሩን ከቦታው ያንቀሳቀሰ ሰው ዝርዝሩን ሲከፍት ሁሉም መስመር ባዶ ሆኖ ያገኘዋል። በአሮጌ ኮምፒውተር የተዘጋጀ ዝርዝር በአዲሱ ላይ እንደ ሙት ደብዳቤ ነው። ይህች ትንሽ ጉድለት ከዓመታት በኋላ ለአንድ ትልቅ ሐሳብ ምክንያት ትሆናለችና አንባቢ በልቡ ይያዛት።

ወደ ማጫወቻዎቹ ከመመለሴ በፊት ስለ መዝገቡ አንድ ታሪክ ላውጋ። የሙዚቃ ሲዲ በላዩ የዘፈን ስም የለውም፤ ብዙዎቹ ሲዲዎች ለኮምፒውተር የሚያሳዩት የትራክ ቁጥርና ርዝመት ብቻ ነው። በ1990ዎቹ ቲ ካን የተባለ ሰው ለራሱ ሲዲ ማጫወቻ ሲል የዲስኮችን ስም የሚይዝ መዝገብ ጀመረ፤ መዝገቡም «ሲ.ዲ.ዲ.ቢ.» ተባለ። በዓለም ዙሪያ ያሉ አድማጮች የየራሳቸውን ዲስክ እያስገቡ፣ የዘፋኙንና የዘፈኑን ስም በገዛ ጣታቸው እየጻፉ ላኩለት። ደመወዝ የለ፣ ምስጋና የለ፤ ነገ ሌላው ሰው ዲስኩን ሲከፍት ስሙን ያገኛል ብለው ብቻ። መዝገቡ በ1998 ተሸጠ፤ ኩባንያውም በኋላ «ግሬስኖት» የሚል ስም ያዘና በነፃ የገባውን በክፍያ አደረገው። በ2008 ሶኒ ይህንኑ ኩባንያ በ260 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። የጻፉት ሰዎች ምን አገኙ? ምንም። ቁጣቸው ግን ፍሬ አፈራ፦ «ፍሪዲ.ቢ.» የተባለው ነፃ መዝገብ በእልህ ተወለደ፣ እስከ 2020ም ቆየ፤ ሮበርት ኬይ የመሠረተው «ሙዚክብሬይንዝ» ደግሞ እስከ ዛሬ አለ። የዚያ ዘመን ሶፍትዌር ሠሪዎች ለፈቃድ ጉዳይ ያላቸው ግትርነት ከመጠን ያለፈ ለሚመስለው ሰው ይህን ታሪክ አስታውሰዋለሁ።

አሁን ወደ ተኩላው።

በ2003 ማርክ ክሬችማን የተባለ ጀርመናዊ ፕሮግራመር የቀደሙት ማጫወቻዎች አሠራር አልመች ብሎት ለሊነክስ የራሱን ጻፈ። ስሙን «አማሮክ» አለው። አማሮክ በኢኑዊት ሕዝብ ተረት ብቻውን የሚያድን ግዙፍ ተኩላ ነው፤ ሰውዬው ግን ስሙን የወሰደው በቀጥታ ከተረቱ ሳይሆን እንግሊዛዊው ሙዚቀኛ ማይክ ኦልድፊልድ በ1990 ካወጣው አልበም ነው። ተኩላውም ቆየት ብሎ የሶፍትዌሩ ምልክት ሆነ። ፈቃዱ የሪቻርድ ስቶልማን «ጂ.ፒ.ኤል.» ነበር፦ ማንም ምንጩን ያነብባል፣ ይለውጣል፣ ያከፋፍላል፤ ለውጦ ያከፋፈለ ግን ለውጡን በዚያው ነፃነት ማስተላለፍ ግዴታው ነው።

አማሮክ ከቀዳሚዎቹ የተለየው ዘፈኑን ከጎኑ ካለው ዓለም ጋር በማገናኘቱ ነው። አንድ ዘፈን ሲጫወት ግጥሙ በአንድ በኩል ይመጣል፤ የዘፋኙ ታሪክ ከዊኪፒዲያ ይነበባል፤ የአልበሙ ሽፋን ይታያል፤ ያደመጥኸውም በ«ላስት.ኤፍ.ኤም.» መዝገብ ላይ ይሰፍራል። ይህ ላስት.ኤፍ.ኤም. ግማሽ አካሉ የተጸነሰው በሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ሪቻርድ ጆንስ የተባለ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ «ኦዲዮስክሮብለር» ብሎ የጀመረው ሥራ በ2005 ከላስት.ኤፍ.ኤም. ጋር ተዋሐደ። የጆንስን ስም እንያዝ፤ ይመለሳል።

የአማሮክ 1.4 እትም በ2006 ወጣ። ወዲያው በተከታዮቹ ማሻሻያዎች «ማግናቲዩን» የተባለው የሙዚቃ መደብር በማጫወቻው ውስጥ ገባ፤ መደብሩ ከሽያጩ ግማሹን ለሙዚቀኛው የሚሰጥና ከመግዛት በፊት ሙሉ ዘፈን የሚያሰማ ነበር። እኔ የዚህ ሁሉ ታሪክ መነሻ ይህች ቅጽበት ትመስለኛለች። እስከዚያ ድረስ «የእኔ ሙዚቃ» ማለት በዲስኬ ላይ ያለው ነበር፤ ከዚህ በኋላ በአንድ መስኮት ውስጥ፣ በአንድ የፍለጋ ሣጥን ሥር፣ የእኔ ያልሆነ ሙዚቃም ከእኔው ጋር ተሰልፎ መታየት ጀመረ።

ታኅሣሥ 2008 የወጣው አማሮክ 2.0 ሐሳቡን ወደ ፊት ገፋው፤ ጃሜንዶ፣ ላስት.ኤፍ.ኤም.፣ ማግናቲዩን፣ እንዲሁም የራስን ሙዚቃ ከሩቅ የሚያመጣው ኤም.ፒ.3ቱንስ በአንድነት ቀረቡ። ነገር ግን ፕሮግራሙ ከሥር መሠረቱ እንደ አዲስ የተጻፈ በመሆኑ የለመዱት ብዙ ነገር ጠፋ፤ መልኩም ተለወጠ። ተጠቃሚዎቹ አጉረመረሙ። በንግድ ዓለም ቢሆን ነገሩ እዚህ ላይ ያልቅ ነበር፤ ደንበኛ ያጉረመርማል፣ ኩባንያውም «ተለማመዱት» ይላል። እዚህ ግን ምንጩ ክፍት ነውና ጥቂት ሰዎች የቀድሞውን 1.4 አንሥተው በአዲሱ መሠረት ላይ ተከሉት፤ በየካቲት 2010 «ክሌመንታይን» ብለው አወጡት። የጥንቱ አማሮክ በሌላ ስም ከሞት ተነሣ ማለት ይቻላል። የመጀመሪያው ልጅ ይህ ነው።

በዚያው ዘመን በሳን ፍራንሲስኮ ሌላ ሙከራ ነበር፤ «ሶንግበርድ» ይባላል። ከሠሪዎቹ አንዱ ሮብ ሎርድ በ1993 ሙዚቃን በኢንተርኔት ካሠራጩት የመጀመሪያዎቹ ሰዎች አንዱ ነበር። ሶንግበርድ የተሠራው ፋየርፎክስ በተሠራበት በሞዚላ መሠረት ላይ ነውና ማጫወቻም ድረ ገጽ ማሰሻም ነበር፤ አንድ ገጽ ስትከፍት በገጹ ላይ የተበተኑትን የዘፈን ፋይሎች ለቅሞ እንደ ዝርዝር ያቀርብልሃል። ውብ ሐሳብ ነው። ኩባንያው በ2010 የሊነክሱን እትም አቋረጠ፣ ሰኔ 2013 ደግሞ ሙሉ በሙሉ ተዘጋ። ከእርሱ ይልቅ ልቤ የሚያደላው ወደሚከተለው ነው።

ሪቻርድ ጆንስ ላስት.ኤፍ.ኤም. በ2007 ለሲ.ቢ.ኤስ. በ280 ሚሊዮን ዶላር ከተሸጠ ከሁለት ዓመት በኋላ «ፕሌይዳር» የተባለ ትንሽ ፕሮግራም ጻፈ። መልክ የለውም፣ መስኮት የለውም፤ ከበስተኋላ ተቀምጦ አንድ ጥያቄ ብቻ ይመልሳል፦ «ይህ ዘፋኝ፣ ይህ ዘፈን፤ የት አለ?» ከአድራሻ ወደ ዘፈን መሄድ ቀርቶ ከስም ወደ አድራሻ መሄድ ተጀመረ። በ2011 የመጀመሪያ እትሙን ያወጣው «ቶማሃውክ» ይህን ሐሳብ ወርሶ ሙሉ ማጫወቻ አደረገው። ከሠሪዎቹ መካከል ቀድሞ በአማሮክ ላይ የደከሙ ሰዎች ነበሩበት፤ ስለዚህ እርሱንም ከተኩላው ልጆች እቆጥረዋለሁ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በቶማሃውክ ዝርዝር ውስጥ የሚጻፈው አድራሻ ሳይሆን ስም ነው፤ የዘፋኙ፣ የዘፈኑ፣ የአልበሙ። ዘፈኑ ሲጠራ ፕሮግራሙ «ሪዞልቨር» ለሚባሉ ትንንሽ መልእክተኞች ሁሉ ጥያቄውን በአንድ ጊዜ ይልካል። አንዱ የገዛ ዲስክህን ይፈትሻል፤ አንዱ ስፖቲፋይን፣ አንዱ ግሩቭሻርክን፣ አንዱ ሳውንድክላውድን፣ አንዱ ቤትህ ያስቀመጥኸውን ሰርቨር ይጠይቃል። እያንዳንዱ ያገኘውን ይዞ ሲመለስ «ይህ የተፈለገው ለመሆኑ ይህን ያህል እርግጠኛ ነኝ» የሚል፣ ከ0 እስከ 1 የሚደርስ ነጥብ ይዞ ነው። የተሻለው ያሸንፋል፤ አንተም ድምፁን ትሰማለህ እንጂ ከየት እንደመጣ መጨነቅ አያስፈልግህም። ዝርዝሩን ለወዳጅህ ብትልክለት አንተ ከዲስክህ ያደመጥኸውን እርሱ ከዥረቱ ያደምጠዋል። ከመልእክተኞቹ አብዛኞቹ በጃቫስክሪፕት የተጻፉ አጫጭር ኮዶች ስለነበሩ ሙያው ያለው ሰው ለማንኛውም አዲስ ምንጭ የራሱን መጻፍ ይችል ነበር።

እንጀራዬን የምበላው በባንክ ስለሆነ ይህን ሳነብ ወዲያው የታየኝ ሐዋላ ነው። ላኪው ጎንደር ላይ ገንዘብ ሲያስገባ ተቀባዩ ጂማ ላይ የሚወስደው ያንኑ ብር አይደለም፤ የተላከው ስምና መጠን ነው፤ ብሩ በየቅርንጫፉ ካዝና ውስጥ ያለው ብር ነው። ቶማሃውክ ዘፈንን ሐዋላ አደረገው። ሐዋላ የሚሠራው ግን ሁለት ነገሮች ሲሟሉ ነው፦ ስሙ በትክክል ሲጻፍ፣ ቅርንጫፉም ክፍት ሲሆን። የቶማሃውክ ታሪክ በእነዚህ በሁለቱ ተፈትኗል።

በመጀመሪያ ስለ ስሙ። ይህ ጉዳይ እኛን ኢትዮጵያውያንን ከማንም ይልቅ ይነካናል። የኤም.ፒ.3 ፋይል ስሙን ይዞ እንዲዞር በ1996 የተፈለሰፈው የመጀመሪያው መለያ በፋይሉ ጭራ ላይ የምትለጠፍ የ128 ባይት ክርታስ ነበር። ለዘፈኑ ርእስ 30፣ ለዘፋኙ 30፣ ለአልበሙ 30 ባይት ተመደበ፤ የታሰበውም ለላቲን ፊደል ብቻ ነው። የግእዝ ፊደል በዩኒኮድ የገባው በ1999 ነው፤ ገብቶም አንዱ ፊደላችን በተለመደው አጻጻፍ 3 ባይት ይፈጃል፤ በዚያች ክርታስ ላይ ቢጻፍ እንኳ ከ10 ፊደል አያልፍም። የሙዚቃ ዓይነቶቹም ዝርዝር 80 ብቻ ነበር፤ ከእነርሱ መካከል ለእኛ የተረፈን «ኤትኒክ» የሚለው ነው። ስለዚህ በ1990ዎቹ መጨረሻና በ2000ዎቹ ከካሴት ወደ ኮምፒውተር የተሻገሩት ዘፈኖቻችን ስማቸውን በላቲን ፊደል፣ እያንዳንዱ ሰው ጆሮው እንደመራው ጽፎላቸው ተሻገሩ።

በሌላ በኩል ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1997 ጀምሮ በቡዳ ሙዚክ በኩል «ኢትዮፒክስ» የተባለውን ተከታታይ አሳተመ፤ ከአምሃ እሸቴና ከሌሎች አሳታሚዎች ሸክላዎች የተለቀሙትን የ1960ዎቹና የ1970ዎቹን ዘፈኖች ዓለም የሰማው በእነዚህ ነው። የዥረቱ ግምጃ ቤትም የወረሰው እነዚህን ሲዲዎች ከነስማቸው ነው። ፋልሴቶ ስሞቹን የጻፈው በፈረንሳይኛ ወግ ነው፤ በ2004 የወጣው 17ኛው ቅጽ የጥላሁን ገሠሠን ስም የያዘው ያለ «አይ»፣ በየ«ኢ»ው ራስ ላይ ጭረት እየተደረገ ነው። እኛ አገር ግን «አይ» ይገባበታል፣ ጭረት የለም፤ ኤሱም እንደ ጸሐፊው አንድ ወይም ሁለት ይሆናል። እንግዲህ መልእክተኛው በዲስኬ ላይ ያለውን ጥላሁን በመረቡ ላይ ካለው ጥላሁን ጋር ሊያገናኝ ሲሞክር የሚያየው ሁለት ሰዎችን ነው። እንዲህ ያሉ ፕሮግራሞች በተለምዶ ሁለት ስሞችን የሚያመሳስሉት ስንት ፊደል ቢለወጥ አንዱ ሌላውን እንደሚሆን በመቁጠር ነው፤ ለእንግሊዝኛ የፊደል ግድፈት የተመጠነው ይህ ቁጥር ለእኛ ስሞች ጠባብ ጫማ ነው።

በገዛ ፊደላችን ብንጽፍስ? «ገሠሠ» በንጉሡ ሠ፣ «ገሰሰ» በእሳቱ ሰ፤ ለጆሮ አንድ ናቸው፣ ለኮምፒውተሩ ሁለት። ፀሐይ በፀና በጸ፣ በሐና በሀ፣ ሲባዛ አራት ትሆናለች። የፊደል ሊቃውንት ሀንና ሐን፣ ሠንና ሰን በአንድ እናድርግ አናድርግ እያሉ ዘመናት የተከራከሩበት ጉዳይ በአንድ የሙዚቃ ማጫወቻ ውስጥ እንደገና ይነሣል ብሎ ማን አሰበ!

ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ደግሞ ትዝታ ነው። ትዝታ የአንድ ዘፈን ስም አይደለም፤ ከአራቱ ቅኝቶች የአንዱ ስም ነው፤ ዘፋኝ ሁሉ የራሱ ትዝታ አለው፣ አንዳንዱም በየዘመኑ ደጋግሞ ተጫውቶታል፣ ግጥሙን እየለዋወጠ። «ዘፋኝ፦ ማሕሙድ አሕመድ፤ ዘፈን፦ ትዝታ» ብሎ ለሚመጣ መልእክተኛ ትክክለኛው መልስ «የትኛው?» የሚል ነው። የቶማሃውክ ሠሪዎች ዘፈን ማለት አንድ ስም ያለው፣ ተቀርጾ ያለቀ ነገር ነው ብለው አስበዋል፤ እኛ ዘንድ ዘፈን ብዙውን ጊዜ መንገድ ነው፤ እያንዳንዱ በራሱ እግር ይሄድበታል። ይህን ስል ሠሪዎቹን መውቀሴ አይደለም፤ ሐሳቡ የሚደርስበትን ድንበር ማሳየቴ ነው።

ሁለተኛው ፈተና ቅርንጫፉ ክፍት መሆኑ ነው። እዚህ ላይ ታሪኩ ፈጣንና መራራ ነው። ላስት.ኤፍ.ኤም. የሬዲዮ ዥረቱን ሚያዝያ 2014 አቋረጠ። ግሩቭሻርክ ከትላልቆቹ የሙዚቃ አሳታሚዎች ጋር በነበረው ክስ ተረትቶ ሚያዝያ 30 ቀን 2015 የይቅርታ ደብዳቤ ለጥፎ በአንድ ሌሊት ተዘጋ። አርዲዮ በዚያው ዓመት ኅዳር ኪሳራ አወጀ፤ ንብረቱን ፓንዶራ በ75 ሚሊዮን ዶላር ገዛው፣ አገልግሎቱንም ዘጋው።

የስፖቲፋይ ነገር ደግሞ ለብቻው ነው። ኩባንያው በ2008 በስዊድን አገልግሎቱን ሲጀምር በሚቀጥለው ዓመት ለሌሎች ፕሮግራም ጸሐፊዎች «ሊብስፖቲፋይ» የተባለ በር ከፈተ፤ ለከፋይ ደንበኞች ብቻ የሚሠራ። ምንጩ ግን ዝግ ነበር። ክሌመንታይን ይህን ሊጠቀም ሲፈልግ ከጂ.ፒ.ኤል. ፈቃድ ጋር ተጋጨ፤ ክፍት ሶፍትዌር ዝግ አካል በሆዱ ይዞ ሊከፋፈል አይችልምና። መፍትሔው እንደ ገዳም ሥርዓት ነበር፦ ዝግ የሆነው ክፍል ከደጅ እንዲቀር ተደረገ፤ ተጠቃሚው ስፖቲፋይን የፈለገ ጊዜ ብቻ ለብቻው ይወርዳል፣ ከውጭ ሆኖ ያገለግላል። ስፖቲፋይ በ2015 ይህ በር የሚዘጋ መሆኑን አስታወቀ፤ በግንቦት 2022 ጨርሶ ዘጋው። ሥራቸውን በዚያ በር ላይ የመሠረቱ ማጫወቻዎች ሁሉ ያ ክፍላቸው ሞተ።

ቶማሃውክ የ0.8 እትሙን ያወጣው ኅዳር 2014 ነበር። ከዚያ በኋላ ሥራው እየቀዘቀዘ ሄዶ ቆመ። ምንጩ አሁንም ለማንበብ ክፍት ነው፤ ነገር ግን መልእክተኞቹ ወደ ተዘጉ ቤቶች ነው የሚሮጡት። ነፃ ሶፍትዌር ባለቤቱ ቢሞት እንኳ አይሞትም ይባላል፤ እውነት ነው፣ ክሌመንታይን ምስክር ነው። ይህ እውነት የሚሠራው ግን ሶፍትዌሩ በራሱ እጅ ባለው ነገር ላይ ብቻ ነው። ሕይወቱ በሌላው ቸርነት ላይ የተንጠለጠለ ክፍል ምንጩ የቱንም ያህል ክፍት ቢሆን ሌላው በሩን በዘጋበት ሰዓት ያበቃለታል።

እኛም አገር የበሩን መዘጋት በሌላ መንገድ አይተነዋል። ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ሌሊት በተገደለ ማግሥት ኢንተርኔት በመላው አገሪቱ ተቋረጠ፤ መመለስ የጀመረውም ከሁለት ሳምንት ያህል በኋላ ነው። አንድ ዘፋኝ በተለቀሰበት በዚያ ሰሞን ዘፈኖቹን ከዥረት ለማድመጥ የለመደ ሰው ባዶ ስልክ ይዞ ቀረ፤ በፍላሽና በሚሞሪ ካርድ ያኖራቸው ግን ዘፈኖቹ አብረውት ነበሩ። የዲስክና የዥረት ጉዳይ የቴክኒክ ሰዎች ጨዋታ ብቻ ያልሆነው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ ልበል። ነፃ ማጫወቻ ማለት ነፃ ዘፈን ማለት አይደለም። የካሴት ቅጂ የሙዚቀኞቻችንን ጉሮሮ ሲዘጋ የኖረ በሽታ ነው፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የወጣውም ሆነ ኤልያስ መልካና ባልደረቦቹ በ2019 «አውታር» የተባለውን የሙዚቃ መሸጫ መተግበሪያ የከፈቱት ከዚህ ሕመም የተነሣ ነው። ኤልያስ በዚያው ዓመት አረፈ። ቶማሃውክም ወዳጆች የየራሳቸውን ስብስብ እርስ በርስ እንዲያደምጡ የሚያስችል መንገድ ነበረው፤ ይህም ካሴት ከመዋዋስና ካሴት ከማባዛት መካከል በየትኛው በኩል እንደሚወድቅ ሕግ ዐዋቂዎች ይከራከሩበት። እኔ የምቆመው ለገዛሁትና ለተቀዳልኝ የቤተሰብ ድምፅ ነው፤ ያንን ማንም ከርቀት ሊዘጋብኝ አይገባም።

የተኩላው ዘር ግን አልጠፋም። ክሌመንታይን ከ2016ቱ እትም በኋላ ባዘገመ ጊዜ በ2018 ከእርሱ «ስትሮቤሪ» ተወለደ፤ ስሙን ያገኘው ስትሮብስ ከተባለው የእንግሊዝ ባንድ ነው። የቀደምቶቹን ዕጣ ያየ ይመስል ስትሮቤሪ በመጀመሪያ የቆመው የራሳቸው ፋይል ላላቸው ሰብሳቢዎች ነው፤ እንደ ታይዳልና ኮቡዝ ያሉት ዥረቶች በጎን ተጨምረዋል፤ ቢቀሩም ቤቱ አይፈርስም። ከዥረቶቹ መካከል እኔ ይበልጥ የምወደው «ሰብሶኒክ» የሚባለውን ነው፤ ሙዚቃህን በገዛ ኮምፒውተርህ ላይ አኑረህ በየሄድህበት ለራስህ የምታፈስስበት መንገድ ነውና። የእርሱም ታሪክ ያው ነው፦ በ2016 ባለቤቱ ምንጩን ዘጋ፤ ሰዎች የቀድሞውን ክፍት ቅጂ አንሥተው በሌላ ስም ቀጠሉት። ዛሬ ናቪድሮምና ሌሎች ነፃ ሰርቨሮች የሚናገሩት ያንኑ ቋንቋ ነው፤ ባለቤቱ ቤቱን ቢዘጋም ቋንቋው ሜዳ ላይ ቀርቷል።

2024 በዚህ ታሪክ ውስጥ እንግዳ ዓመት ነበር። መስከረም ላይ የዊንአምፕ የዛሬ ባለቤቶች የአሮጌውን ማጫወቻ ምንጭ ለሕዝብ አወጡ። ከ27 ዓመት በኋላ! ነገር ግን ያያያዙት ፈቃድ አንብቡ፣ አስተካክሉልን፣ የለወጣችሁትን ግን አታከፋፍሉ የሚል ነበር። ሲ.ዲ.ዲ.ቢ.ን የሚያስታውሱ ሰዎች ምን እንዳሉ መገመት አያዳግትም፤ ወር ሳይሞላው ማከማቻው ከነምንጩ ተነሣ። ከዚያ አምስት ወር ቀደም ብሎ፣ ሚያዝያ 29 ቀን፣ ብዙዎች ሞቷል ብለው የተዉት አማሮክ ከስድስት ዓመት ዝምታ በኋላ 3.0 የተባለ እትም አወጣ፤ ስሙንም በማዕበል ከመርከብ ተጥሎ በባሕር ዳርቻ ብቻውን የተረፈ ሰው በሚባልበት ቃል ሰየሙት። አንድም ኩባንያ አላዘዘውም። ጥቂት በጎ ፈቃደኞች ከ20 ዓመት በፊት የተጀመረውን ኮድ አንሥተው፣ መሠረቱን በአዲስ ተክተው፣ በነፃ ለቀቁት።